አገር ሰጥቶ የማያውቀው ሰው

ብዙነህ ነገሩን ካላወቀ የበላው አይረጋለትም። በለንደኗ ሃርልስደን ውስጥ ይህን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ትናንት የመጣ መሆን አለበት። ባስ ላይ ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ሦስት ሎሚ በፌስታል ይዞ ካየ፣ "ለምን ሦስት? አራት ያልሆነው ለምንድነው?" እያለ መውረጃውን ያልፋል። ጎረቤት መጋረጃ ከቀየረ፣ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ሙሉነሽን ያደርቃታል። ሙሉነሽ ሚስቱ ናት። ዌምብሊ፣ ስታዲየሙ አጠገብ፣ ልብስ መደብር ውስጥ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ መልስ ስትሰጥ ውላ ስትገባ ደግሞ የባሏ "ለምን" በር ላይ ይጠብቃታል። "አንተ ሰውዬ፣ እግዜር ጆሮና ዓይን ሰጥቶህ መዝጊያውን ረሳው" ትለዋለች።

እንጀራውም የሚወጣው ከዚሁ ጠባዩ ነው። ካምደን ውስጥ አንድ ትልቅ ባቡር ጣቢያ ሥር፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ባቡር ላይ ተረስቶ የቀረ ዕቃ ይጠብቃል። ጃንጥላ አለ፣ ስልክ አለ፣ የሕፃን ጋሪ አለ፣ አንድ ጊዜ ሰው ሠራሽ ጥርስም መጥቷል። ጥርሱ በመጣ ቀን "እንዴ፣ ሰውየው ወርዶ ምሳውን በምን በላ?" ሲል ነው የዋለው።

በዚህ ሥራ አንድ የማይጣስ ደንብ አለ። ዕቃ ጠፋኝ ብሎ ለመጣ ሰው ዕቃውን አንተ አትነግረውም። "ቀይ ቦርሳ ነው?" ካልከው፣ ቀይ ያልጠፋበትም "አዎ፣ ቀይ ነው" ይላል። ዝም ትላለህ፤ ምልክቱን ባለቤቱ ራሱ ይናገራል። ማጣደፍም አይሆንም። ሰው ሲያጣድፉት ይደናገርና "አይ፣ በቃ ይቅር" ብሎ የገዛ ዕቃውን መደርደሪያ ላይ ትቶ ይሄዳል። ብዙነህ ይህን ስንቴ አይቶ ስንቴ እንዳዘነ ራሱ ያውቃል።

ወደዚህ ሥራ ያስገባው ደግሞ የገዛ ጫማው ነው። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ቤተሰቡ ይቀየመኛል፤ በየዓመቱ ሙቀቱ ሲመጣ የሚወራ ወሬ ነውና።

ትልቋ ልጁ ኤዶም ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ብዙነህ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ ባሕር የሚያውቀው ካርታ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም ነው። ጓደኛው ኃይለልዑል "ሳውዝኤንድ የሚባል ቦታ ባሕር አለ፣ በባቡር ቅርብ ነው" ብሎ መከረው። እሱም በአንድ ጠራራ ቅዳሜ ሚስቱን፣ ልጁንና ምሳውን ይዞ ሄደ። ሲደርሱ ባሕር የለም። ዓይን እስከደረሰበት ድረስ ጭቃ ነው። ጀልባዎቹ ሳይቀሩ ጭቃው ላይ ጎናቸውን ዘንበል አድርገው ተኝተዋል። "ኃይለልዑል ጉድ ሠራን!" አለ ብዙነህ። የአገሩ ሰው ግን ምንም እንዳልጎደለበት ዳር ዳሩን ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። "መጥተን የለ፣ ምን እናደርጋለን" አለና ወደ ውስጥ ዘለቅ ብሎ፣ ደረቅ ያለ ቦታ መርጦ ምንጣፉን አነጠፈ። ጫማውን አወለቀ። ምሳ በሉ፣ ሐብሐብ ቆረጡ፣ እንቅልፍ ጣላቸው።

የቀሰቀሳቸው ባሕሩ ራሱ ነው፣ ተመልሶ መጥቶ። ልጅ፣ ድስትና ምንጣፍ አፈፍ አድርገው ሲሮጡ አንድ ጫማ ወደኋላ ቀረ። የግራ እግር፣ ቡናማ። ብዙነህ በአንድ ጫማና በአንድ እርጥብ ካልሲ ለንደን ገባ።

ኤዶም መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ነበር የምትጠይቀው። "አባዬ፣ ባሕሩ የት ሄዶ ነበር?"

ለብዙነህ "አላውቅም" ማለት የሞት ያህል ነው። "አጣርቼ እነግርሻለሁ" አላት።

በማግስቱ ቀሪውን ጫማ በፌስታል ይዞ የጠፋ ዕቃ ክፍል ሄደ። በዚህ አገር ለሁሉ ነገር ቢሮ አለ ሲባል ሰምቶ ነበራ! ባንኮኒው ላይ የነበሩት እንግሊዛዊ ሽማግሌ "ባቡር ላይ ነው የረሳኸው?" ብለው ጠየቁት። "የለም፣ ባሕር ነው የወሰደብኝ። መልሶት እናንተ ጋ ደርሶ እንደሆነ ብዬ ነው" አላቸው። ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጡትና ባሕሩን ጨረቃ እንደምትጎትተው፣ በቀን ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ እንደሚመለስ በሁለት ኩባያና በአንድ ብርቱካን አስረዱት። ብዙነህ ጥያቄ አላልቅ አለው። ሲወጣ "አንተ እዚህ ብትሠራ ነው የሚሻለው፣ ክፍት ቦታ አለ፣ አፕላይ አድርግ" አሉት። አደረገ፤ ይኸው ዛሬም እዚያው ነው። ጫማው ግን እስካሁን አልመጣም።

ኤዶምም በጨረቃው መልስ አልረካችም። "እሺ፣ ሲሄድ ዓሣዎቹስ? ጨረቃ ስትደክምስ?" እያለች አደገች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባም የመረጠችው ስለ ባሕር መማር ነው። "የአባቷ ልጅ!" አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች፣ ገሚሱ አድንቆ፣ ገሚሱ "ባሕር ተምራ ምን ልትሆን ነው?" ብሎ።

የዚህ ቤት የበጋ ደስታ ብዙ ወጪ የለበትም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ራውንድዉድ ፓርክ ይሄዳሉ፤ ጉብታው ላይ፣ የዌምብሊ ስታዲየም ቅስት ከሩቅ በሚታይበት በኩል፣ ያቺኑ ከባሕር የተረፈች ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ምሳ ከተበላ በኋላ እንቆቅልሽ ይመጣል። እንቆቅልሹን ያስጀመሩትም የሚዳኙትም እትዬ ሸዋረጋ ናቸው። ከላይ ፎቅ የሚኖሩ፣ ልጆቹን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያዩ፣ ምላሳቸው ስለት የሆነ ባልቴት። መጀመሪያ ላይ እሳቸውም አንገራግረው ነበር። "እንቆቅልሽ በቀን አይባልም፣ ከብት ይጠፋል" አሉ። ሆኖም እዚህ አገር በዚህ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው ልጅ ከተኛ በኋላ ነው። "ደግሞስ ሃርልስደን ምን ከብት አለን" ብለው ራሳቸው ፈቀዱ።

ሕጉ የታወቀው ነው። ያላወቀ አገር ይሰጣል። ብዙነህ ግን አገር ሰጥቶ አያውቅም! አንድም ቀን! ትንሿ ልጁ ኪዲ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ካምደንን ሰጥታዋለች፣ ማንቸስተርን ሰጥታዋለች፣ ንዴት ሲይዛት ጃፓንን አውጥታ ሰጥታዋለች። በእንቆቅልሽ የተገኘ ግዛት ቢቆጠር ብዙነህን የሚያህል ንጉሥ የለም። "እኔን አገር የሚያስሰጠኝ ገና አልተወለደም" እያለ ሐብሐቡን ሲገምጥ ላየው፣ ሙሉነሽ እንደምትለው፣ "ያናድዳል፣ ደግሞ ያምርበታል።"

እንግዲህ ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ለንደን ነደደች። ሳሩ ቢጫ ሆነ፣ ባቡሩ ምድጃ ሆነ። ብዙነህ ከሺፍት ሲመለስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ቬንቲሌተር ፍለጋ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ቁም ሳጥን ከፈተ። ከቬንቲሌተሩ ኋላ፣ በትልቅ ፌስታል ተጠቅልሎ፣ አዲስ ኮት ተቀምጧል። ኮት ስላችሁ እንዲሁ ኮት እንዳይመስላችሁ። ውሃ የማያስገባ፣ ቆቡ ፊት የሚሸፍን፣ ውስጡ እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ ነው።

እጁ ለምዶበት መረመረው። ልኩ የኤዶም ነው። ዚፑን ወጣ ወረደ አደረገው፤ ላላ ብሏል። "በዚህ እሳት እንዲህ ያለ ኮት ማን ይገዛል?" አለ ለራሱ። መልሱ ወዲያው መጣለት፤ ሲመጣለትም ላቡ ደረቀ። የሚሄድ ሰው ነዋ። ለዚያውም ብርድ ወዳለበት።

ኮቱን እንደነበረ ጠቅልሎ መለሰው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ይታየው ጀመር። ኤዶም እናቷን "ለአንድ ሰው ሽሮ ስንት ማንኪያ ነው?" ብላ ስትጠይቅ ሰማ። ለአንድ ሰው! እዚህ ቤት ለአንድ ሰው ሽሮ ተሠርቶ አያውቅም። ትንሿ ድስት ከመደርደሪያዋ ጠፋች። ኤዶም ስልክ ሲደወልላት "ኤክስኪዩዝ ሚ" ብላ በረንዳ ትወጣለች፣ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነው፤ አባቷን ስታይ ደግሞ ይጠፋል። ብዙነህን የቆረጠው ይህ የመጨረሻው ነው።

ለምን እንደማትነግረው ያውቃል። ጉዱ የራሱ አፍ ነው። በትንሣኤ ሰሞን የኃይለልዑል ልጅ ለብቻዋ ፍላት ተከራይታ ወጣች ተብሎ ሲወራ፣ ብዙነህ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣው በእልልታ ነው እንጂ ሻንጣዋን በቫን ጭና አይደለም!" ብሎ ነበር። ሰው ሳቀ። ኤዶም ከኋላው ውሃ እያደለች ነበር፤ እሷ አልሳቀችም። ያኔ ልብ አላለውም፣ አሁን ነው ትዝ ያለው።

ሙሉነሽን ወጥ ቤት አግኝቶ ነገሩን አፈረጠው።

"ታዲያ ጠይቃታ! የሰፈሩን መጋረጃ ትጠይቅ የለም እንዴ?" አለችው፣ ሽሮውን እያማሰለች።

"አልጠይቅም። ምልክቱን ባለቤቱ ነው የሚናገረው።"

"ልጅህ ጃንጥላ ናት?"

"አይደለችም፤ ለዚያ ነው የምፈራው። ብጠይቃት ደንግጣ የሆነ መልስ ትሰጠኛለች። ወይ ደግሞ 'አይ፣ ይቅር' ትልና የልቧን ትታ እዚሁ ትቀራለች። ወይ ኩርፊያ ይዘን እንለያያለን። ሦስቱንም አልፈልግም፣ ሙሉዬ።"

ሙሉነሽ ዓይኗን ከድስቱ አላነሳችም። ማማሰያዋ ግን ቆመ። ብዙነህም ያን ጊዜ ገባው፤ እናትየው ታውቃለች። ቅናት ብጤ ወጋው። "ለእሷ ነግራ ለእኔ?" ሊል አሰበና ዋጠው። ምንም እንዳልገባው ሁሉ "ሽሮው እንዳያርርብሽ" ብሎ ወጣ።

ነገር ካላወቀ የበላው የማይረጋለት ሰው እንዴት እንደሰነበተ እናንተው ገምቱት። ደንብ ደንብ ይላል እንጂ አንዳንዴ ያመልጠዋል። አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ "ዘንድሮ ብርዱ ይበረታል ነው የሚሉት፣ በተለይ ራቅ ያለ ቦታ" አለ፣ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ። ኤዶም ሻይዋን ምንጣፉ ላይ ደፋችው። ሥራ ቦታውም ሄዶ የተረሳ ሻንጣ ሁሉ የእሷ ይመስለዋል። ወዴት ይሆን? ካናዳ? ኖርዌይ? ሰው አግኝታ ይሆን? ሰውስ ካገኘች ምን ኮት አስገዛት? እያለ፣ እያለ፣ ፍልሰታ ገባ።

በፍልሰታው ሁለተኛ እሁድ እንደልማዳቸው ጉብታው ላይ ወጡ። ሙቀቱ በረድ ብሎ ነፋሻ ሆኗል። ሙሉነሽ ሱፍ ፍትፍቱን ከበረዶ ሳጥን አወጣች፤ የምስር ሳምቡሳውም ገና እንደሞቀ ነው። ኪዲ ገና ሳትቀመጥ የአይስክሬም መኪናውን ሙዚቃ ሰምታ አንገቷ ተሰበረ።

"እትዬ፣ አይስ ሎሊ ጾም ነው አይደል? ጀስት ውሃ ነው!"

እትዬ ሸዋረጋ መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ወተት የለበትም?"

"የለበትም፣ አይ ስዌር!"

"መሐላውን ተይው። ለእኔም አንድ አምጪልኝ፣ ቀዩን፤ ቀምሼ ነው የምፈርደው።"

ቀምሰው፣ ጨርሰው፣ እንጨቱን ልሰው ጾም ነው ብለው ፈረዱ። ብዙነህ እንኳ ሳቀ። ኤዶም ግን ከዳር ተቀምጣ ሳር ትነጫለች። ምግቡንም እንዲሁ ነካ ነካ አድርጋ ተወችው። ሙሉነሽ በዓይኗ አንድ ነገር አለቻት፤ ብዙነህ አየ፣ እንዳላየም ሆነ።

እንቆቅልሹን ኪዲ ከፈተችው። "እንቆቅልህ!"

"ምን አውቅልሽ።"

"እግር የለው ይሄዳል፣ አፍ የለው ተጠንቀቁ ይላል!"

"ባቡር። ልጄ፣ ባቡር ላይ የምሠራ ሰው ባቡር ትጠይቂኛለሽ?"

እትዬ ሸዋረጋ ቀጠሉ። "ዝናብ አልወለዳት፣ ቀለም አልቀቧት፣ ቀስተ ደመና ነኝ ትላለች።"

ብዙነህ ዞር ብሎ እንኳ አላየም፤ በአገጩ ብቻ ወደ ዌምብሊው ቅስት ጠቆመ። "ያቻትና። እትዬ፣ እርስዎም ደከሙ።"

"አፍህን ያዝ፣ ገና ነኝ!"

ኤዶም ከዳሩ ተነስታ መጣችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እግሯን አጣጠፈች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከባድ ጥያቄ ስታመጣ እንዲህ ነው የምትቀመጠው።

"እንቆቅልህ፣ አባዬ።"

"ምን አውቅልሽ፣ ልጄ።"

"ይሄዳል፣ ግን አይጠፋም። ይርቃል፣ ግን ይመለሳል። ሲሄድ ያየው ሰው ግን የቀረ ይመስለዋል።"

ነፋሱ የምንጣፉን ጫፍ ገለበጠው፤ ማንም አላስተካከለውም።

ብዙነህ ወዲያው አወቀው። የማያውቀው ማን አለና! ጫማውን የበላውን ባሕር ሊረሳው ነው? ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የልጁ ጣቶች ግን ሳሩን ጨምድደው ይዘዋል። ያን እጅ ያውቀዋል። ባንኮኒው ፊት ቆመው የጠፋባቸውን ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው የሚያመነቱ ሰዎች እጅ ነው። አሁን "ባሕር" ቢል "አወቅከው" ትላለች፣ ይሳቃል፣ ሐብሐብ ይቆረጣል፣ እሷም "ይቅር በቃ" ብላ ወደ ዳሯ ትመለሳለች። ባይመልስስ? ባይመልስ አገር መስጠት አለበት። አገሩንም የምትመርጠው እሷ ናት።

ያን ሁሉ ዓመት የፎከረበት ነገር ነው። ደግሞ ከፉከራው ይልቅ ያመመው ሌላው ነው፤ አንዴ ከሰጠ ሰጠ፣ መልሶ አይወስደውም። ልጁን አያት፤ ያቺ በአንድ ጫማ የሚሄድ አባቷን እጁን ይዛ "ባሕሩ የት ሄዶ ነበር?" ያለችው ናት።

"አላወቅሁትም" አለ ብዙነህ።

ሙሉነሽ የያዘችው ሳህን ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ኪዲ ብድግ አለች። "ዋት? ዳዲ! ሳውዝኤ…" ሙሉነሽ ፈጠን ብላ አንድ ሙሉ ሳምቡሳ አፏ ውስጥ ወተፈችላት።

እትዬ ሸዋረጋ ብዙነህን አተኩረው አዩት። ባልቴቷ ሞኝ አይደሉም። "አላወቀም" ብለው ፈረዱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እንግዲህ አገር ይስጣት።"

"አገር ስጠኝ" አለች ኤዶም።

"ዌምብሊን ልስጥሽ?"

"አልፈልግም።"

"ካምደንን ልስጥሽ? ከእኔ ጋር ባንድ ባስ ትመላለሻለሽ።"

"አልፈልግም፣ አባዬ።"

"የትኛውን ትፈልጊያለሽ? እኔ አልነግርሽም። አንቺ ንገሪኝ።"

ኤዶም ትንፋሽ ወሰደች። "አበርዲንን።"

አበርዲን! ካናዳም አይደለም፣ ኖርዌይም አይደለም። ብዙነህ አበርዲንን ያውቃታል፤ በዕቃዋ ነው የሚያውቃት። ከጣቢያቸው ማታ ተነስቶ፣ ሲሄድ አድሮ፣ ስኮትላንድ ጫፍ ላይ ጠዋት የሚደርስ ባቡር አለ። በዚያ መሥመር የሚረሳ ዕቃ ሁሉ ወፍራም ነው፤ በነሐሴ እንኳ ጓንት ይመጣል። ብርድ ነው። ሩቅ ነው። ቢሆንም ባቡሩ ከእሱ ክፍል በላይ ነው የሚነሳው።

"አበርዲንን ሰጠሁሽ" አለ።

ወጉ የታወቀ ነው፤ አገር የተሰጠው ገብቶ መፎከር አለበት። ኤዶም ፉከራውን ጀመረች።

"አበርዲን ገብቼ ምን አጥቼ…" አለች፤ እንባዋ ቀደማት። በእጇ ጀርባ ጠረገችና ቀጠለች። "ባሕር የሚያጠኑ ሰዎች ጋ ሥራ አግኝቼ… ለመስከረም ነይ ተብዬ ተጠርቼ… ወፍራም ኮት ገዝቼ… ትንሿን ድስት ከመደርደሪያ አውጥቼ… አባቴን ግን ፈርቼ… ምን ይለኝ እያልኩ ስንት እሁድ አፌን ዘግቼ ሰንብቼ…"

ከዚያ በላይ አልቻለችም። ብዙነህ እጁን ሰዶ አንገቷን ሳበና ደረቱ ላይ አስጠጋት። እሱም አለቀሰ፤ ምን ያሳፍራል፣ ለልጁ ነው። ውሻ የሚያንሸራሽር አንድ ሰውዬ ቆም ብሎ አያቸውና እንግሊዝ ነውና ሰማዩን እያየ አለፈ።

ኪዲ በመጨረሻ ሳምቡሳዋን ዋጠች። "ባሕር ነው!" ብላ ጮኸች። "ኢትስ ሶ ኢዚ! ሳውዝኤንድ! እኔ እንኳ አውቄው ነበር፣ ያኔ አልተወለድኩም!"

ኤዶም ቀና ብላ አባቷን አየችው። "አውቀኸው ነበር?"

"የትኛውን?"

"አባዬ!"

"የኮቱ ዚፕ ላላ ብሏል" አለ ብዙነህ፣ አፍንጫውን እየጠረገ። "ከመሄድሽ በፊት አስቀይሪው።"

ሙሉነሽ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ መሳቅና ማልቀስ ተደባለቀባት። ብዙነህ ወደ እትዬ ሸዋረጋ ዞረ።

"እትዬ፣ ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣው በእልልታ ነው ብዬ ነበር።"

"ብለሃል። ያልሰማ የለም።"

"እንግዲያው እልል በሉልኝ።"

እትዬ ሸዋረጋ የሎሊውን እንጨት ከእጃቸው ጣሉ። በኪዲ ትከሻ ተደግፈው ተነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና እልልታቸውን ለቀቁት፤ ጉብታው ላይ የነበረ ርግብ ሁሉ ተነሳ። ሙሉነሽ ተከተለቻቸው። ኪዲም የምትችለውን ያህል ጮኸች፤ የእሷ እንኳ የእሳት አደጋ መኪና ነው የመሰለው። ከታች ሳሩ ላይ የነበሩ ጃማይካዊያን ቤተሰቦች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ።

ሲረጋጋ ሐብሐቡ ተቆረጠ። ብዙነህም ወደ ጠባዩ ተመለሰ። ሥራው ምንድነው? አለቃዋ ሰው ናቸው? እዚያ ሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አለ? ጀልባ ላይ ትወጣለች? ዋና ተለማምዳለች? ኤዶም ሁሉንም መለሰችለት፤ ስንት ሳምንት የታፈነ ጥያቄ ነበር፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል አላለቀም።

"ታውቃለህ፣ አባዬ" አለች፣ ፍሬውን ሳሩ ላይ እየተፋች፣ "የአበርዲን ባሕርና የሳውዝኤንድ ባሕር ያው አንድ ናቸው። ያኔ ሲሄድ ያየነው ውሃ ወደዚያው ነው የሚሰፋው።"

ብዙነህ ሐብሐቡ አፉ ጋ ደርሶ ቆመ። "አንድ ባሕር?"

"አንድ ባሕር።"

ይህን አያውቅም ነበር። እውነቱን ነው፣ ይህንን አያውቅም ነበር። ፊቱ እንደ ሕፃን በራ፤ ዞር ብሎ ሙሉነሽን "ሰማሽ?" አላት። ከዚያ ቆዳውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠና፣ ባንኮኒ ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

"እንግዲያው እዚያ ስትደርሺ ጠይቂልኝ። ምልክቱን በደንብ ንገሪያቸው። የግራ እግር ነው። ቡናማ ነው። ቁጥሩ አርባ አንድ ነው።"

ኤዶም ሳቀች። "ባለቤቱስ ካሉኝ?"

"ባለቤቱ ሃርልስደን ነው ያለው" አላት። "ይቅር አላለም፣ እየጠበቀ ነው በያቸው።"